የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ሴቶቹ ዳር ቆመው እያዩ ነው፣ ምን ይሻላል?

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ የፊዚክስ መምህር)፦ ከ9ኛ ክፍል 16 ልጆች፣ 4 አርዱይኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አለን። ኪቦርዱን ወንዶቹ ይዘውታል።

መልስ 1፦ መምህር፣ ለ4 ልጅ 1 ቦርድ ሲሆን የሚቀድመው ቤቱ ኮምፒውተር የነካው ነው። ሽቦ ሰኪ፣ ኮድ ጻፊ፣ በመልቲሜትር ለኪ፣ መዝጋቢ ብለው ይመድቡና በየ15 ደቂቃው ይቀያይሯቸው። ሴቶቹን መዝጋቢ አድርጎ መተው የተለመደ በሽታ ነው!

መልስ 2፦ የመጀመሪያው መብራት እምቢ ካለ ጀማሪ ልጅ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች። ስለዚህ ቀድመው ይሞክሩት። ከኤልኢዲው (ከትንሿ መብራት) ጋር 220 ኦም ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ) በተከታታይ ይግባ፤ ከ5 ቮልቱ ቀዩ ኤልኢዲ 2 ያህሉን ይወስዳል፣ 14 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል። ያለ ሬዚስተር ኤልኢዲውም፣ ሽቦው የሚሰካበት የቦርዱ ፒንም ሊቃጠል ይችላል። ረጅሙ እግር ወደ ፒኑ፣ አጭሩ ወደ ግራውንድ (ቦርዱ ላይ GND የተባለው)። ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው ብዙ ጊዜ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው፤ አለበለዚያ ለርካሾቹ ቦርዶች የሚያስፈልገው የሲኤች340 ድራይቨር (ቦርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ኮምፒውተሩ ላይ አልተጫነም። ድራይቨሩን በፍላሽ ይያዙ፣ ኔትወርክ አይታመንም።

መልስ 3፦ ሰዓቱንም ይዩት። ከ11 ሰዓት በኋላ ሴት ልጅን ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃታል፣ የባጃጅ ብርም አለ። የምሳ ሰዓት ይሻላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ያለኝ ሬዚስተር 330 ኦም ነው፤ ይሆናል?

መልስ 2፦ ይሆናል፣ ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ።