ፈላፍሌ ዘይት ውስጥ እየተበተነ አስቸገረኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አራት ጎረቤታሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ቤታችን የሌላ አገር ምግብ እንሠራና ከቡናው በፊት አብረን እንበላለን። ባለፈው አንዷ የህንድ ዳል ሠርታ ጣት አስቆረጠመችን (ያው የኛ የክክ ወጥ ዘመድ ነው)። አሁን ተራው የኔ ነው። ጾም ስለሆነ ፈላፍል (ያ ተፈጭቶና ተድቦልቡሎ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው የአረቦች ምግብ) መረጥኩ። ምነው ባልመረጥኩ!

መጀመሪያ ሽምብራውን ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ቀቀልኩት፣ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላልና ከከሙን ጋር ፈጨሁት። አድቦልቡዬ የጋለ ዘይት ውስጥ ስጨምረው ብትንትኑ ወጣ። ዘይቱ ሾርባ መሰለ። በዚህ የዘይት ዋጋ! በሁለተኛው ሙከራ ዱቄት ጨመርኩ። ተያያዘልኝ፣ ውስጡ ግን ሊጥ ሆነ። ልጄ ቀምሳ «እማዬ፣ ቦምቦሊኖ ነው?» አለችኝ።

ቤይሩት ሠርታ የመጣች ዘመዴን ብጠይቃት «ማን ቀቅዪው አለሽ? ተዘፍዝፎ ጥሬውን ነው የሚፈጨው» ብላ ሳቀችብኝ። ስልኩ ተቋረጠና ሌላውን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ስንት ሰዓት ይዘፍዘፍ? የኛው ትንሹ ሽምብራ ከነልጣጩ ይሆናል ወይስ ልላጠው? ብሌንደሬ ውሃ ጠብ ካላደረግኩበት አይዞርም፤ ምን ላድርግ? ግብጾች ደግሞ በባቄላ ነው የሚሠሩት። እቤት የባቄላ ክክ አለኝ፤ እሱ ይሻለኝ ይሆን?

የምዘፈዝፈው አርብ ማታ ነው፣ ከዚያ በፊት ድረሱልኝ።