ጥቁር ሰገራ ያለበት ታካሚ፦ ሌሊቱን ወደ ሐረር ሪፈር ወይስ ተመላላሽ?

ጤና መኮንን፣ ድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ34 ዓመት ወንድ ነው፤ ለጥርስ ሕመም ዳይክሎፌናክ ሲወስድ ሰንብቶ ከትናንት ጀምሮ ሰገራው ጠቁሯል። የላይኛው ግፊት 118፣ የልብ ምት 88፣ ሂሞግሎቢን 13.6፣ ዩሪያ 34 ሚ.ግ በዴሲሊትር። ራሱን አልሳተም፤ የታወቀ የጉበትም የልብም ሕመም የለበትም። በግላስጎው ብላችፎርድ (የላይኛው የምግብ መተላለፊያ መድማት ምን ያህል አስጊ እንደሆነ በሚለካው የነጥብ ሰንጠረዥ) ስደምረው 5 መጣ። ይላክ?

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ሐረር፦
ለጥቁር ሰገራው 1፣ ለዩሪያው 4 ሰጥተው ይመስለኛል። በሚ.ግ የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ግን ለቢዩኤን (በዩሪያው ውስጥ ላለው ናይትሮጅን ብቻ) ነው። ላብራቶሪው ዩሪያ ብሎ ከሰጠ ለ2.14 ያካፍሉት፤ 34ቱ ወደ 16 ይወርዳል። ነጥብ የሚጀምረው ከ18.2 ስለሆነ 0 ነው፣ ድምሩም 1። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ካልለየ ላብራቶሪውን ይጠይቁ፤ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም። 0 ወይም 1 ያለው ሰው በተመላላሽ ሊታይ ይችላል። ዳይክሎፌናኩ ይቁም፣ ኦሜፕራዞል ይጀመር፣ የሄሊኮባክተር (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራና የኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ቱቦ የማየት) ቀጠሮ ይያዝለት። የአይረን ኪኒን እንደማይወስድም ይጠይቁ፤ እሱም ሰገራ ያጠቁራል። በጣት ሲመረመር የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ደም ነው።

ኢንተርኒስት፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ሂሞግሎቢኑ ግን አንዴ ተለክቶ አይበቃም። ደም ሲፈስ ሴሉም ፕላዝማውም እኩል ስለሚወጣ የመጀመሪያው ቁጥር ደህና ይመስላል። ከመሸኘትዎ በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆይተው ይድገሙት።

የልብ ምትም ያሳስታል። በእኛ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ታካሚ ጫት ቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ጫት ምቱን ከፍ ያደርጋል። ያም ሆኖ 100 የደረሰን ምት «በጫቱ ነው» ብለው ነጥቡን አይሰርዙ። በተቃራኒው ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው እየደማም ምቱ 80 ላይ ሊቆይ ይችላል።

ሆዱንም ይዳብሱ። ጣፊያው ካበጠ ወይም ሆዱ ውሃ ከያዘ የጉሮሮ ደም ሥር መድማትን ይጠርጥሩ። ያን ጊዜ ኢንዶስኮፒ ሳይጠበቅ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ) 1 ግራም በደም ሥር፣ ኦክትሪዮታይድ (መድማቱን የሚቀንስ መድኃኒት) ካለም 50 ማይክሮግራም ሰጥተው በሰዓት 50 ያስቀጥሉ።

ጤና መኮንን፣ ድሬዳዋ፦
አመሰግናለሁ፤ ላብራቶሪው ዩሪያ መሆኑን አረጋግጧል፣ ሂሞግሎቢኑን እደግማለሁ። መላክ ያለበት ታካሚ ሲያጋጥምስ ምን ይቀድማል?

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ሐረር፦
ነጥቡ ምንም ያህል ይሁን፣ ግፊቱ ከ90 በታች የሆነን ሰው ሳያረጋጉ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት አያስጀምሩት። 16 ወይም 18 ቁጥር ካኑላ በሁለቱም እጅ፣ የደም ዓይነትና ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ጋር መስማማቱን የሚያይ ምርመራ)። ሂሞግሎቢኑ ከ7 በታች ከሆነ ደሙ እዚያው ይጀመር። ደም እያስታወከ የሚያንቀላፋ ከሆነ ትልቁ አደጋ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው፤ በጎን ተኝቶ፣ ሰከሽን (ከአፍ ፈሳሽ የሚመጥ መሣሪያ) ተይዞ፣ ከባለሙያ ጋር ይሂድ። ኢንዶስኮፒው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሠራለት እንደሚችል አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ።