የአባቴ የካሳ ጉዳይ ሄግ ይታያል ወይ?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ማሳ ለመንገድ ተብሎ ሊወሰድ ነው። መንገዱን አልጠላነውም፣ እኛም እንሄድበታለን። ችግሩ ካሳው ላይ ነው። ገማቾቹ የመጡት አርብ፣ አባቴ ለጁምዓ በወጡበት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ሎሚውና ዘይቱኑ ግን የሉም። በድንጋይ ያስገነቡት የውሃ ጉድጓድም የለም። «ይፈርሙ፣ በኋላ ይስተካከላል» ቢሏቸው እምቢ አሉ። ጎረቤታችን ደግሞ «ሄግ ነው መክሰስ» ይሉናል። እውነት አንድ ገበሬ መንግሥትን እዚያ መክሰስ ይችላል?

ሸዋበር
የሄግ ቪዛ እስክታገኝ መንገዱ አስፋልት ለብሶ ይጠብቅሃል። አብሽር፣ ቀልዴን ነው። የሚያውቅ ይመልስልህ።

ጠበቃ ከደሴ
ጎረቤታችሁ ሄግን የሚያውቋት ከዜና ይመስለኛል። እዚያ ኔዘርላንድ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የሚዳኘው አገርና አገር ሲካሰሱ ብቻ ነው። እዚያው ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ የካሳ ግምት አያይም፣ ኢትዮጵያም አባሉ አይደለችም። አሩሻ (ታንዛኒያ) ያለውን የአፍሪካ ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ስምምነትም (ፕሮቶኮሉን) አላፀደቀችም።

ለእናንተ የሚቀርበው ባንጁል (ጋምቢያ) ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የሚሠራበትን የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. አፅድቃዋለች፣ አንቀጽ 14 ንብረትን ይጠብቃል። አንቀጽ 56 ግን «መጀመሪያ አገርህ ያለውን መፍትሔ ጨርስ» ይላል፣ ከመጠን በላይ ካልተጓተተ በቀር። ለምሳሌ የኬንያዎቹ የኢንዶሮይስ ማኅበረሰብ ሰዎች ከቦጎሪያ ሐይቅ አካባቢ ለእንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተነሱ። ናኩሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተረቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኮሚሽኑ ሄዱ፣ በ2010 መርታታቸው ይፋ ሆነ። አፈጻጸሙ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተንከባለለ።

ስለዚህ ቻርተሩን እዚሁ ተጠቀሙበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ላይ የፀደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፣ አቤቱታችሁ ላይ ጥቀሱት። አንቀጽ 40(8) ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በመሬቱ ዋጋ አትከራከሩ። ክርክራችሁ በሎሚው፣ በጉድጓዱና በመፈናቀያ ካሳው ይሁን። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ 1161/2011 መሠረት መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚው፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ማሻሻያውን 1336/2016ንም እዩት። ቀነ ገደቡ አጭር ነው፣ አቤቱታችሁንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቡ።

እናት ሐረጎ
ልጄ፣ ሕጉን እሱ ነግሮሃል። እኔ የምልህ ዶዘሩ ሳይገባ ፎቶ አንሱ። ሎሚውን ብቻውን ሳይሆን አባትህና ሁለት ጎረቤት አጠገቡ ቆመው። ጉድጓዱንም በሜትር ለኩት። እኛ ግንዱ ከተነቀለ በኋላ «ነበረን» ብለን ማን ሰማን?

የቦርከናው
አላህ ይስጥልኝ እናቴ፣ ዛሬውኑ እናነሳለን። አባቴም «ክስ አልፈልግም፣ ጉድጓዴን ይቁጠሩልኝ» ነው የሚሉት። ሰኞ አቤቱታውን እናስገባለን። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ቢለንስ?

ጠበቃ ከደሴ
በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ) ላኩት። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከአቤቱታው ቅጂ ጋር ስቴፕል አድርጋችሁ አስቀምጡ።