የማርጋሬት ኮርት 24 ከሴሬና 23 ይበልጣል?

ሣር ሜዳ፦ ለክርክር ላንሳው። አውስትራሊያዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ማርጋሬት ኮርት በነጠላ 24 የግራንድ ስላም፣ ማለትም የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ አላት፤ ሴሬና ዊሊያምስ 23። ከኮርት ዋንጫዎች 11ዱ የአውስትራሊያ ሻምፒዮና ናቸው፣ ሁሉም በሣር ላይ። ከነዚህ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተከታታይ የወሰደቻቸው 7ቱ ከሴሬና ዋንጫዎች ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለባቸውም። ውድድሩ የአማተር፣ ማለትም ገንዘብ የማይከፈላቸው ተጫዋቾች ነበር፣ አገሩም ሩቅ፤ ብዙዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ኮከቦች አይሄዱም ነበር። ከ1960 እስከ 1963 በአራቱም ፍፃሜዎች ኮርት ያሸነፈቻት አንዲት ተጫዋች ናት፤ የአገሯ ልጅ ጃን ሌሄን።

ኔት ዳር፦ ወንድሜ፣ ሌሎቹ ቢቀሩ የሷ ጥፋት ነው? በ1960 ዋንጫውን ስትወስድ ገና 17 ዓመቷ ነበር። በዚያው ውድድር የጣለቻት ማሪያ ቡዌኖ ደግሞ የወቅቱ የዊምብልደን፣ የእንግሊዙ ታላቅ ውድድር፣ ሻምፒዮን ነበረች! ይህን ስታነሳ አላየሁህም።

የጥንት ወዳጅ፦ ሣሩን እንደ አቋራጭ መንገድ አትዩብኝ። እስከ 1974 ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱ በሣር ነበሩ፤ ሸክላ አፈር ላይ የነበረው የፈረንሳዩ ብቻ ነው። ሣር ላይ ኳሷ ዝቅ ብላ ትንሸራተታለች፣ አንዳንዴም ባልታሰበ አቅጣጫ ትነጥራለች። ስለዚህ ሰርቭ አድርጎ ወደ ኔት መሮጥና መሬት ሳትነካ መምታት ግድ ነበር። የ1970ውን የዊምብልደን ፍፃሜ እዩ። ኮርት ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ የማስታገሻ መርፌ ተወግታ ገባች፤ ተጋጣሚዋ ቢሊ ጂን ኪንግም ጉልበቷን ታማለች። እኩል ሲሆኑ ሴቱን በአንድ ጌም የሚቋጨው ታይብሬክ ስላልነበረ 46 ጌም ተጫውተው ኮርት 14 ለ 12 እና 11 ለ 9 አሸነፈች። እንዲህ ያለችውን ሴት ዋንጫዋ ርካሽ ነው ማለት ይከብደኛል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ኮርት የመጀመሪያ ልጇን በ1972 ወልዳ በ1973 ከአራቱ ሦስቱን አሸነፈች። ሴሬና ከወለደች በኋላ አራት ፍፃሜ ደርሳ አራቱንም ተሸንፋለች። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ የኮርትን ግን ማንም አያነሳውም።

ሣር ሜዳ፦ እህቴ፣ የ1973ቱን አልነካሁም። 1970 ላይም ክርክር የለኝም፤ አራቱንም በአንድ ዓመት ወስዳለች። የኔ ጥያቄ 7ቱ ላይ ነው። በ1966 እኮ ተጋጣሚዋ ናንሲ ሪቺ በጉዳት ስለቀረች ፍፃሜው ሳይካሄድ ነው ዋንጫው የተሰጣት።

ኔት ዳር፦ ታዲያ ተከፋይ ባለሙያዎች ከመፈቀዳቸው በፊት፣ ማለትም ከ1968 በፊት የተገኘው ሁሉ ይሰረዝ? የኪንግ የ1966 እና የ1967 የዊምብልደን ዋንጫም አብሮ ሊሄድ ነው?

ሣር ሜዳ፦ የለም። መስመሩን 1968 ላይ አላሰምርም። ዊምብልደን ያኔም ከየአገሩ ምርጦቹ የሚሰበሰቡበት ነበር፤ የኮርትም የ1963 እና የ1965 ዋንጫዎች ሙሉ ክብር አላቸው። እኔ የምለካው ማን ተሰለፈ በሚለው ነው። በመዝገብ 24 ይሁን፤ ከሴሬና ጋር ስናወዳድር ግን የኔ ቁጥር 17 ነው።

ኔት ዳር፦ በ1965ቱ የአውስትራሊያ ፍፃሜ የተሸነፈችው ቡዌኖ ናት። እሷም አልተሰለፈችም ልትል ነው? ቢያንስ 18 በል።