ኃጢአት ሰውን ከእግዚአብሔር የሚያርቀው በምን መንገድ ነው? «ግብዝ ከምሆን ልራቅ» ለሚል ወንድምስ ምን ይመለስለታል?

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)፦

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጠይቀው ስለ አንድ ወዳጄ ነው። እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ያደግን፣ ከመዘምራኑም ግንባር ቀደም የነበረ ወንድም ነው። በአንድ የንግድ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ ዕቃ አቅራቢዎች «ለሻይ» እያሉ የሚሰጡትን ገንዘብ መቀበል ጀመረ። ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ አሥራት አውጥቶ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ቀጥሎ ደረሰኝ ላይ ዋጋ ማስጨመር መጣ። አሁን ግን ነገሩ ከገንዘቡ አልፏል፤ አስቀድሞ ከሥጋ ወደሙ ራቀ፣ ከዚያ የመዝሙር ጥናቱን ተወ፣ በመጨረሻም ቅዳሴው ቀረ። በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ዕለት እንኳ፣ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ወደ ደብሩ ሲጎርፍ፣ እርሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እግዚአብሔርን አልካድሁም፤ ነገር ግን እጄ እንዲህ ሆኖ ቆሜ ከምዘምርና ግብዝ ከምሆን መራቁ ይሻለኛል» አለኝ። አነጋገሩ ትሕትና ስለሚመስል የምመልስለት አጣሁ።

ሁለት ነገር እንድታብራሩልኝ እለምናለሁ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ59፥2 «በደላችሁ በእናንተና በአምላካችሁ መካከል ለይታለች» ይላል፤ መዝሙረኛው ደግሞ «ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?» ይላል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየን የሚችል እንደሌለ ይመሰክራል። ታዲያ የሚርቀው ማን ነው? ደግሞም ማንም ሰው አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ እግዚአብሔርን ልተው ብሎ አይወስንምና ይህ መራቅ ሰውየው ሳያውቀው የሚፈጸመው እንዴት ነው?

ዘሐዋሳ፦

ወንድሜ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከማስተምረው ተነሥቼ የምችለውን ያህል ልመልስ። ረዘም ቢል ታገሠኝ።

መራቅ ሲባል የቦታ ርቀት እንዳልሆነ መዝሙረኛው አስቀድሞ ዘግቶልናል። አዳም የተሸሸገው እኮ እግዚአብሔር ራሱ በተከለው ገነት ዛፎች መካከል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ ብለህ ተመልከት። አዳም የተሸሸገው በቁጥር 8 ላይ ነው፤ ከገነት የተባረረው ግን በቁጥር 23 ነው። አንዲት የፍርድ ቃል ሳይሰማ፣ ማንም ሂድ ሳይለው፣ ሰው አስቀድሞ ሸሸ። ከውድቀት በኋላ ከእግዚአብሔር የተሰማው የመጀመሪያ ቃል ደግሞ «ወዴት ነህ?» የሚል የፍለጋ ቃል ነው። አዳም ሲመልስ «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» አለ፤ ሲጠየቅም «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ነገሩን ወደ ሰጪው መለሰው። እንግዲህ ኃጢአት የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው በአዳም ዓይን ላይ ነው፤ ትናንት በደስታ የሚቀበለውን አምላክ ዛሬ የሚፈራውና የሚከሰው አድርጎ አሳየው። ሰው ደግሞ እንዲህ አድርጎ የሚያየውን ሊቀርብ አይወድም።

የኢሳይያስን ቃል ከአንድ ቁጥር በፊት ጀምረህ አንብበው። 59፥1 የእግዚአብሔር እጅ ከማዳን እንዳላጠረች፣ ጆሮውም ከመስማት እንዳልደነቆረች ይናገራል፤ ነቢዩ መለያየቱ ከእግዚአብሔር ድካም እንዳልመጣ ካረጋገጠ በኋላ ነው ወደ በደላቸው የሚሄደው። ከዚህም የሚበልጠው በምዕራፍ 58 ያለው ነው። እነዚህ ከአምላካቸው የተለዩ ሰዎች ቤተ መቅደሱን የተዉ አልነበሩም፤ ይጾሙ ነበር፤ «ስለ ምን ጾምን፥ አንተም አልተመለከትኸንም?» ብለውም ይከራከራሉ። በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበርና ጾማቸው አላቀረባቸውም። ስለዚህ ወዳጅህ «ቆሜ ብዘምር ግብዝነት ነው» ሲል ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ በእጅ ዓመፃ ይዞ በአፍ መዘመር ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ ነቢዩም ይመሰክርለታል። የተሳሳተው በመድኃኒቱ ነው። ነቢዩ ጾማችሁን ተዉ አላላቸውም፤ የበደልን እስራት ፍቱ አላቸው።

ሳያውቀው እንዴት ይፈጸማል ለሚለው ጥያቄህ፣ ስለ ፈተና አብዝተው የጻፉት የበረሃ አባቶች ናቸው። በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስተማረው፣ አሳብ መጥቶ ልብን ማንኳኳቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ከአሳቡ ጋር መነጋገር ይጀምራል፣ ከዚያ ይስማማል፣ ከዚያ ይማረካል፣ በመጨረሻም ነገሩ እንደ ባሕርይ ሆኖበት ይቀራል። ሐዋርያው ያዕቆብም በ1፥15 ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን እንደምትወልድ፣ ኃጢአትም ካደገች በኋላ ሞትን እንደምትወልድ ሲናገር የሚገልጸው የጊዜን ሂደት ነው። ወዳጅህ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ አሥራት ማውጣቱን ስትነግረን እኔ ያስደነገጠኝ ከመቀበሉ ይልቅ ይህ ነው። ኅሊናው ገና ሕያው ስለነበረ ዝም ማሰኛ ፈለገለት፤ እግዚአብሔርንም የጥቅሙ ተካፋይ ሊያደርገው ሞከረ። ኦሪት ዘዳግም 23፥18 በነውር የተገኘ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው በከንቱ አይደለም። ሰው ከአሳቡ ጋር የሚነጋገርበት ሰዓት እንዲህ ያለው ነው፤ ብዙዎቻችንም የምንሸነፈው ኃጢአቱን በምንሠራበት ሰዓት ሳይሆን ምክንያት በምንፈልግለት ሰዓት ይመስለኛል።

የዳዊትንም ነገር አስብ። ናታን በመጣበት ጊዜ የቤርሳቤህ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ እንግዲህ ዳዊት ከኦርዮን ሞት በኋላ ወራትን በዝምታ አሳልፏል ማለት ነው። በእነዚያም ወራት ንጉሥ ሆኖ ቀጥሏል። ናታን ስለ ባለጠጋውና ስለ ድሀው በግ ሲነግረው ቁጣው ነደደ፤ ፍርዱም ትክክል ነበር። ኃጢአት ስለ ጽድቅ ያለውን እውቀት አላጠፋበትም፤ ራሱን እንዳያይ ግን ጋርዶታል። ሌላውን ሰው አጥርቶ እያዩ ራስን አለማየት የመራቅ ትልቁ ምልክት ነው፤ ቅዳሴ ያልቀረብን ሰዎችም ብንሆን ብንመረመርበት መልካም ነው።

ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን ሲያስተምር፣ የሰው ጉዳይ በደል ብቻ ቢሆንና መበስበስ ባይከተለው ኖሮ ንስሐ ብቻውን በበቃ ነበር ይላል። ኃጢአት በሰማይ መዝገብ የሚጻፍ ዕዳ ብቻ ሳይሆን በሠሪው ባሕርይ ውስጥ የሚዘልቅ ሞት ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ ነው ፈውሱ በምክር ብቻ የማይፈጸመው፤ ሥጋ ወደሙም የተሰጠን ለዚህ ነው። ወዳጅህ አስቀድሞ የራቀው ከዚሁ ማዕድ መሆኑን ልብ በል።

ስለ ግብዝነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሉቃስ 18፥13 ያለው ቀራጭ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ አልወደደም፤ «በሩቅ ቆሞ» ደረቱን ይደቃ ነበር። የቆመው ግን በመቅደስ ነው። ወዳጅህ መዝሙሩን ለጊዜው ይተወው፤ መዘምራኑ ዘንድም አይቁም፤ ከበሩ አጠገብ መቆም ግን ማንን ግብዝ ያደርጋል?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ የወንድማችን የ«ዘሐዋሳ» ትምህርት በብዙው ተስማምቶኛል፤ በአንድ ነገር ግን የጎደለ ይመስለኛል። መራቁ ሁሉ ከሰው ወገን ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ከተነገረ የእግዚአብሔር ፍርድ ቀለል ይላል። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 1 በቁጥር 24፣ 26 እና 28 ሦስት ጊዜ እግዚአብሔር «አሳልፎ ሰጣቸው» ይላል። ቁጣው በዚያ ምዕራፍ የሚገለጠው እሳት ከሰማይ በማውረድ ሳይሆን ሰው የመረጠውን እንዲያገኝ በመተው ነው፤ ይህ ደግሞ እኔን ከእሳቱ ይልቅ ያስፈራኛል። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1515 እና 1516 ስለዚሁ መልእክት ሲያስተምር ኃጢአተኛ ሰው ወደ ራሱ የታጠፈ እንደሆነና የእግዚአብሔርን ስጦታ እንኳ ለራሱ ጥቅም እንደሚፈልግ ተናግሯል። የአሥራቱን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

ሮሜ 8 ለማን እንደተነገረም መታየት አለበት። ጳውሎስ የዘረዘራቸው ሞት፣ ሕይወት፣ መላእክት፣ ከፍታና ዝቅታ በአማኙ ላይ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ፍቅሩም «በክርስቶስ ኢየሱስ ጌታችን ባለ» ፍቅር ነው። የጠፋው ልጅ በሩቅ አገር እሪያ ሲጠብቅ ልጅነቱ አልተሻረም፤ ከአባቱ ማዕድ ግን ተለይቶ ነበር፤ ረሃቡም እውነተኛ ረሃብ ነበር። ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩ የሚመስሉት የአባትን ፍቅርና የልጅን ኅብረት አንድ አድርገን ስንይዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፒያሳዋ እናት፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ልጁ ኃጢአት ተናገራችሁ፤ ስለ እኛ ፊት የተናገረ የለም። ሐዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አንድ ሰው ሁለት እሑድ ቀርቶ በሦስተኛው ሲመጣ «ጠፋህ እኮ፣ በደኅና ነው?» የምንለው ለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቀዋል። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ፤ ታላቅ ወንድሙ ግን አልገባም ብሎ ውጭ ቆመ። ልጁ መንገድ ላይ አስቀድሞ ያገኘው ታላቅ ወንድሙን ቢሆን ኖሮ ወደ እሪያዎቹ ይመለስ እንደነበር አልጠራጠርም።

ያም ሆኖ «ግብዝ ከምሆን» ያለውን ትሕትና ብዬ አልቀበለውም። ቃየንም ኃጢአቴ ልሸከማት የማልችላት ታላቅ ናት ብሎ ነው ከእግዚአብሔር ፊት የወጣው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ይሁዳም ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ ተሳስቻለሁም ብሏል። ይሁዳ ግን የሄደው ወደ ካህናቱ ሸንጎና ወደ ገመዱ ነው እንጂ ወደ ጌታው አልነበረም። መጸጸት ብቻውን ሰውን አይመልስም፤ ወዴት ይዞት እንደሚሄድ ነው የሚታየው። አንተም ልጄ፣ ክርክሩን ተወውና ቤቱ ሂድለት፤ ቡና አፍልቶ እንዲያጠጣህ ጠይቀው።

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ፣ እንዳሉኝ ሄጄ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ተነጋገርን። የቀራጩን ነገር ስነግረው ዝም አለ። ነገር ግን ሌላ ማሰሪያ እንዳለበት ተረዳሁ። «የወሰድሁት ገንዘብ ተበልቷል፤ ሳልመልስ ንስሐ ብገባ ማሾፍ ነው፤ ልመልስ ብል ደግሞ የለኝም፤ ከሥራዬም እባረራለሁ» ይላል። በእርግጥ አስቀድሞ መመለስ ይገባዋልን? ሥራውንስ መልቀቅ አለበት?

ዘሐዋሳ፦

አስቀድሜ ለ«ሐይቅ ዳር» ወንድሜ፦ ስለ ሮሜ 1 ያነሣኸው እውነት ነው፤ የእኔ አነጋገር ያንን ወገን ሳይነካ አልፎታል። በልጅነት ነገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀት አንዲት ናት ብላ ወድቆ የተመለሰውን በንስሐ እንጂ በሁለተኛ ጥምቀት የማትቀበለው ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ብንነጋገርበት ይሻላል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ የዘኬዎስን ታሪክ በሉቃስ 19 በቅደም ተከተሉ አንብቡት። ዘኬዎስ «በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» ሲለው አንድ ሳንቲም ገና አልተመለሰም ነበር። አራት እጥፉ ከኦሪት የመጣ ነው፤ ዘጸአት 22፥1 በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሰው አራት በግ እንዲመልስ ያዝዛል። ስለዚህ ዕዳው አይሰረዝም፤ ነገር ግን ዕዳውን መክፈል ወደ ክርስቶስ ለመቅረብ እንደ መግቢያ ዋጋ አይጠየቅም። ወዳጅህ ቅደም ተከተሉን ስለገለበጠው በሩ የተዘጋ መስሎታል።

ስለ ሥራው፣ ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ዮሐንስ መጥምቅ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ከነገ ጀምሮ የ«ሻይ» ገንዘቡን አለመቀበል፣ ደረሰኝም አለማስጨመር በወዳጅህ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልገውም። አቅራቢዎቹ መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል፤ ወይም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

የወሰደው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማን፣ በስንት ጊዜና በምን መልክ እንደሚመለስ፣ ለአሠሪዎቹ መናገር ይገባው እንደሆነና ወደ ቅዱስ ቍርባን መቼ እንደሚቀርብ ግን እኛ እዚህ ልንወስንለት የሚገባ አይደለም። ይህ የንስሐ አባቱ ሥራ ነው፤ ካህኑም አቅሙን አይቶ ቀኖናውን ይሰጠዋል። በሚታወቅበት ደብር ማፈሩ ካስቸገረው ለጊዜው በሌላ ደብር ያለ ካህን ሊያነጋግር ይችላል። ብቻውን ከሚሄድ ግን አንተም የራስህን ኑዛዜ ይዘህ አብራችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።