የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፦ በማመልከቻው ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቀድሞውን ቤተ ክርስቲያን የማኅበራችን አዳራሽ ለማድረግ ለካውንስሉ (ለከተማው አስተዳደር) የምናስገባው ማመልከቻ ረቂቅ ይኸው። አንቀጽ 4 ‹‹አዳራሹን በወለል ለሁለት ፎቅ እንከፍላለን›› ይላል። ካውንስሉ ጋ ከመግባቱ በፊት አስተያየት ስጡበት።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ታች ድግስ፣ ላይ የሚከራይ ቢሮ። የማሞቂያውን ወጪ በኪራዩ እንችላለን።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን ወለሉ የሚያርፈው ረጃጅሞቹ መስኮቶች ወገብ ላይ ነው። ታች ያለው ይጨልምበታል፤ ላይ ያለው የመስኮቱን ቅስት ጉልበቱ ሥር ያገኘዋል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የለፉት እኮ ለዚህ ከፍታ ነው! እዚሁ ማንቸስተር አርድዊክ ያለውን የቀድሞ የቅዱስ ቤኔዲክት ቤተ ክርስቲያን እዩት። አርክቴክት ክራውዘር የነደፈው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1880 የጡብ ሕንፃ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ የግድግዳ መውጣት ስፖርት ይሠራበታል። ቁመት የሚፈልግ ሥራ ስለገባበት ቁመቱ ተረፈ። እኛም ቢሮውንና ኪችኑን ራሱን ችሎ በሚቆም የእንጨት ክፍል መግቢያው በኩል እናድርገው። ግድግዳ አይነካም። ነገ ይነሳ ቢባል ይነሳል።

እትዬ (የሴቶች ክፍል)፦ እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። መሠዊያው የነበረበት ላይ ዲጄ ሊቆም ነው? የእነሱም ቢሆን የተጸለየበት ነው።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነዎት እትዬ። ደግሞም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃዋን ስትዘጋ ለምን እንደሚውል በውሳኔው ላይ ይጻፋል። እንደፈለግን አንሆንበትም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ኤድንብራ ማንስፊልድ ትራኳር የሚባለው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠርግ ይደገሳል፤ ፊቤ ትራኳር ከ1893 እስከ 1901 የሣለቻቸው የግድግዳ ሥዕሎች ግን ዛሬም አሉ። ዲጄው ጎን ላይ ይቁም። እጣኑን ሕንፃው ለምዶታል 😄

ሒሳብ ያዥ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ግን ኪራይ ከሌለ ማሞቂያውስ? ቫትም አለ። በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ላይ ለሚፈቀድ ለውጥ ቫቱ ድሮ ዜሮ ነበር፤ ከኦክቶበር 2012 ወዲህ 20 በመቶ ነው። በጀቱ ውስጥ የለም።

አርክቴክቷ፦ ወለሉን እናሙቅ። አየሩን ካሞቅነው ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ የሚጠቅመው ለርግብ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ጡቡን በሲሚንቶ የሚለጥፍ ኮንትራክተር እንዳይገባ። ያ ግንብ በኖራ ነው የሚተነፍሰው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍንበትና ጡቡ ይረግፋል።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 4 ታርሟል፦ ‹‹አዳራሹ ሙሉ ቁመቱን እንደያዘ ይቆያል። ቢሮና ኪችን በመግቢያው በኩል፣ ተነቃይ ሆኖ ይሠራል። የመሠዊያው ቦታ ለመድረክነት አይውልም። ጥገናው በኖራ ይሆናል።›› ቫቱን ጋሼ እስከ እሑድ ይጨምሩልኝ።

እትዬ፦ ደግ ነው። ትልልቆቹ ድስቶችስ የት ሊቀመጡ ነው?

አርክቴክቷ፦ ደወሉ ማማ ሥር እትዬ። እለካዋለሁ።