የጎብኚ መኪና ከሳንቃበር ይለፍ ወይስ አይለፍ?

ጉዞ አዘጋጇ፦

ሰላም ቤተሰብ። ለጥቅምት መጨረሻ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ እያዘጋጀሁ ነው። ዘጠኝ ሰው ነን። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን እንሄዳለን። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱን በመኪና። እዚህ ድረስ ተስማምተናል። ከደባርቅ ወዲያ ግን ተከፋፈልን። ገሚሱ "በላንድክሩዘር ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ማደሪያ ደርሰን፣ ዋልያ አይተን፣ ማታ ጎንደር እንግባ" ይላል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ በእግር ካልሆነ አንሄድም ብለናል።

ክርክሩን እዚህ ያመጣሁት ለእኛ ጉዞ ብቻ ብዬ አይደለም። የጎብኚ መኪና ከሳንቃበር፣ ከጨነቅ በፊት ካለው የፓርኩ ማደሪያ፣ እንዳያልፍ ደንብ ቢወጣ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት በመኪና ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ደባርቅ ላይ መግቢያ ከፈልን፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አሳፈርን፣ ወጣን። 9 ሰዓት ላይ ተመልሰን ደባርቅ ነበርን። ምሳችንን እንኳ ከጎንደር አስቋጥረን ነው የሄድነው። ከመግቢያውና ከስካውቱ የአንድ ቀን ክፍያ በቀር ለዚያ አካባቢ ሰው አምስት ሳንቲም አልተውንም። የተውነው አቧራ ነው።

ሁለተኛው በእግር ነበር። ከቡይት ራስ ተነስተን ሳንቃበር አደርን። በማግስቱ ግጭ የሚባለው ማደሪያ። ከዚያ በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ጨነቅ። ጨነቅ ሁለት ሌሊት አድረን የቧሂትን ተራራ ወጣን። አራት በቅሎ፣ ሁለት በቅሎ ጫኝ፣ አንድ ምግብ አብሳይ ከነረዳቱ፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ስካውት አብረውን ነበሩ። መንገድ ላይ ከአንድ ገበሬ በግ ገዛን። ቁጠሩት እስኪ። ስንት ቤት ነው ከእኛ ጉዞ እራት የበላው? ተራራው ያው ተራራ ነው። ልዩነቱ አዳራችን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። ግን አልስማማም።

አባቴ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ዕድሜ ልኩን ስለ ሰሜን ተራሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል ኖሯል። ሄዶ ግን አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ ባለፈው ጊዜ ከሁለት ልጆቼ ጋር በመኪና ጨነቅ ወሰድነው። ከመኪናው ወርዶ መቶ እርምጃ ቢራመድ ነው። ዋልያው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ዝም ብሎ አየው። ትንሹ ልጄ "የብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ይሄ ነው?" አለኝ።

አንቺ በምትይው ደንብ ይህ አይኖርም ነበር። ተራራው የጉልበተኛ ብቻ ነው? ደግሞ አምስት ቀን ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለስንታችን አለ? ለበቅሎ፣ ለድንኳን፣ ለምግብ አብሳይ የሚከፈለውስ ለደሞዝተኛ ቀላል ነው?

የደባርቅ ልጅ፦

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ከውስጥ ሆኜ ልናገር።

በቅሎ ጫኝ ተራ አለው። ተመዝግቦ ይጠብቃል። እንግዳ ሲጠፋ ተራው በወራት አንዴ ላይደርሰው ይችላል። የቀን ጎብኚ ቢበዛም እሱን አይነካውም። መኪና በቅሎ አይጭንም። ስለዚህ "ጎብኚ መጣ" ሲባል ከተማው ደስ ይለዋል፣ ተራራው ላይ ያለው ሰው ግን አያውቀውም።

ግጭን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 መንደሩ ተነስቶ ሰዉ ደባርቅ ገብቷል። ከ400 በላይ አባወራ ነው። ገብስ የሚዘራበትን መሬት፣ ከብቱን የሚያሰማራበትን መስክ ትቶ ነው የወጣው። የተነሳው ለፓርኩ ብሎ ነው። ሣሩ ተመልሷል፣ ዛሬ ግጭ ላይ ድንኳን ስትተክሉ የምታዩት ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ነው። ያ ሰው ከፓርኩ የሚያገኘው ነገር ከሌለ በምን ልብ "ፓርኩ የእኔ ነው" ይላል? ለእኔ የዚህ ክርክር ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ግን አንድ እውነት ልጨምር። በእግር የምትሄዱትም መጨረሻ ላይ ጨነቅ መኪና ታስጠራላችሁ። በእግሩ የሚመለስ አላየሁም። እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ተመለስሽ?

ጉዞ አዘጋጇ፦

በመኪና። ልክ ነህ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የጃናሞራ ሰው፦

ስለዚያ መንገድ ስታወሩ እኛንም አስቡን እንጂ። መንገዱ ጨነቅ ላይ አያልቅም። በቧሂት አድርጎ መካነ ብርሃን ይደርሳል። የጃናሞራ ወረዳ ሰው በዚያ ነው የሚኖረው፣ የበየዳ ወረዳም ከዚያ ወዲያ አለ። ምጥ የያዛት እናት በዚያ ነው ደባርቅ የምትደርሰው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ማዳበሪያው በዚያ ነው የሚገባው።

ጉዞ አዘጋጇ፦

ወንድሜ፣ የእናንተን መኪና ማንም አይነካም። የምለው ስለ ጎብኚ ብቻ ነው።

የጃናሞራ ሰው፦

ዛሬ እንደዚያ ትያለሽ። ኬላ አንዴ ከቆመ ግን በር ላይ የሚቆመው አንቺ አይደለሽም። ታማሚ ይዞ የመጣ ሰው "ወረቀት አምጣ" ይባላል። ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ መንገድ ይኑር የሚሉ አሉ፣ እሱን እኛም እንደግፋለን። ነገር ግን በደንብ ተሠርቶ፣ ክረምት ከበጋ መኪና አሳልፎ እስክናይ ድረስ ስለ መዝጋት የሚያወራ ሰው ያስፈራናል።

የዱር እንስሳት ተማሪ፦

ከታሪኩ ልጀምር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት፣ ይሄው የምትከራከሩበት መንገድም ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ከ21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ "መንገድ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው።

ባሌን ደግሞ እዩ። የሳነቴ አምባ ላይ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ የሞተበት መንገድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ሲሞት ብዙ ነው።

ነገር ግን ለጉዞ አዘጋጇ በቅንነት ልንገርሽ። ሰሜን ላይ ሌሊትና ቀን የሚመላለሰው ከባድ መኪና ከጎብኚ ላንድክሩዘር ይበልጣል። የጎብኚን ብቻ ብታቆሚ ለእንስሳቱ የምታመጪው ለውጥ ትንሽ ነው። ለዋልያው ብለሽ ከሆነ ክርክርሽ ደካማ ነው። ለበቅሎ ጫኙ ብለሽ ከሆነ ግን ጠንካራ ነው። ሁለቱን አትቀላቅዪ። ለእንስሳቱ ካሰባችሁ ፍጥነት ይገደብ፣ በሌሊት ማለፍ ይቅር፣ ለጭላዳ ዝንጀሮ ብስኩት የሚወረውር ሰውም ይቀጣ። ጭላዳ ሣር በል ነው። ከመኪና መስኮት ምግብ ከለመደ መንገድ ላይ ነው የሚውለው።

ከዋሽንግተን፦

እኛ ውጭ ያለን ሰዎችስ? የልጆቻችን ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አገር ቤት ደግሞ ክረምት ነው። ባለፈው ክረምት በጭጋግና በዝናብ ሁለት ሰዓት ጠብቀን አንዴ ሲገለጥ ያየነውን ገደል ልጄ እስከ ዛሬ ያወራዋል። በዚያ ጭቃ በእግር አራት ቀን ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር አይሞከርም። መኪና ባይፈቀድ ልጄ ሰሜንን በፎቶ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

የደባርቅ ልጅ፦

ለገና ዕረፍት ና። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ውኃ ያረጋል፣ ልጁን በደንብ ማልበስ ነው። ሐምሌ ላይ ግን እውነትህን ነው፣ ያለ መኪና ከባድ ነው።

ሹፌር ከጎንደር፦

እኔም ልጆች አሉኝ። ጎብኚ ሲጠፋ ስንት ወር መኪናዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ። አሁን እንግዳ ሲመጣ "ከሳንቃበር አትለፍ" ብትሉኝ የእኔን እንጀራ ነው ለበቅሎ ጫኙ የምትሰጡት። እሱም ይብላ፣ እኔም ልብላ። እንግዳው ቢያድር እኔም አብሬው አድራለሁ። ሁለት ቀን ይከፈለኛል። ለእኔ ይሻለኛል እንጂ አይከፋኝም። ችግሩ እንግዳው ነው "ዛሬውኑ መልሰኝ" የሚለው።

ጉዞ አዘጋጇ፦

የሹፌሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናቲቱ ስለ አባቷ የጻፈችውንም።

አቋሜን ላስተካክል። "መኪና አይለፍ" ያልኩት ስህተት ነው። መኪናውን ጠላት አድርጌው ነበር። ጥያቄዬ ስለ አዳር ነው። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን እላለሁ፦ ፓርኩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድር ጎብኚ በመኪናውም ቢሆን ጨነቅ ይድረስ። ሳያድር የሚመለስ የቀን ጎብኚ ሳንቃበር ላይ ይቁም። የሚቀርበት ነገር ብዙ አይደለም። ጭላዳ ቡይት ራስ አካባቢ በመንጋ ይገኛል። የጅንባር ፏፏቴም ከሳንቃበር በእግር ይደረሳል፣ ያን ለመሄድ የአካባቢ ልጅ ይዞ ይሂድ። አረጋዊና አካል ጉዳተኛ፣ ከነቤተሰባቸው፣ ሳያድሩም ይለፉ። የጃናሞራና የበየዳ ሰው በዚህ ደንብ ውስጥ ስሙም አይነሳ። ኬላም አይቁም፣ የጎብኚ ወረቀት ደባርቅ ላይ ሲቆረጥ እዚያው ይጻፍ፣ መኪናው ላይ ያለው ስካውት ያስከብረው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ይሄ ይሻላል። አሁንም ግን ገንዘቡ ያሳስበኛል። ለአንድ ሌሊት ድንኳንና ምንጣፍ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያከራይ ከሌለ "እደር" ማለት ብቻውን አይበቃም። ልጆቼን 3,200 ሜትር ላይ በምን አስተኛቸዋለሁ?

የደባርቅ ልጅ፦

ድንኳኑም የመኝታ ከረጢቱም ደባርቅ ይከራያል። ከመነሳትሽ በፊት ዚፑ እንደሚሠራ ራስሽ ሞክሪው። ከቤት ጋቢ አምጪ። በሶና ቆሎም ያዢ፣ ከፍታ ላይ ምግብ አልበላ ቢልሽ እንኳ ይህ ይወርድልሻል። መጀመሪያ ቀን ሳንቃበር ይበቃሻል፣ ልጆቹ ከፍታውን ይልመዱት። ራሱን የሚያመው ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ካለ "ይተወዋል" ብለሽ አትጠብቂ፣ ወደ ታች ውረጂ። ሁላችሁም ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ደባርቅ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከሳምንት በፊት የሰማችሁት ወሬ አይበቃም።

የጃናሞራ ሰው፦

ደንቡን ደባርቅ ላይ ካደረጋችሁት እኔም ቅር አይለኝም። ስማችን አይነሳ ያልሽውን ግን አደራ።

ጉዞ አዘጋጇ፦

አደራ። የእኛ ቡድንም ተስማማ። አምስቱ በመኪና ሳንቃበር ያድራሉ። እኛ አራታችን በእግር በግጭ እንሄዳለን። ሦስተኛው ቀን ጨነቅ እንገናኝና በአንድ መኪና እንመለሳለን። በቅሎ ሁለት ይበቃናል ወይስ ሦስት?

የደባርቅ ልጅ፦

ሦስት። አንዷ ለደከመ ሰው።

የጃናሞራ ሰው፦

ከጨነቅ ስትመለሱ ጠዋት ከሆነ ከመካነ ብርሃን የሚወርደውን ቅጥቅጥ ታገኙታላችሁ። ጢም ብሎ ነው የሚመጣው፣ መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ የቀረ ሰው አይጠፋም። መኪናችሁ ላይ አንድ ቦታ ከተረፈ ልጅ ያዘለች እናት አሳፍሩልን።